ስኳር የማይወደው ዕጢ

ሐምሌ 8

ጻፍ። ስሜ ሀያቱ ነው። ጎጃም በረንዳ ቅቤ የሚነግድ ሁሉ ያውቀኛል፤ የማያውቀኝ ካለ ትናንት የገባ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። የሚጽፍልኝ ጥጋቡ ነው፤ ክፍለ ከተማው በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፍ ጎረቤቴ። ከሥራ ሲመለስ ይመጣል፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ገና ሲጀምር «ከታላቅ አክብሮት ጋር» ብሎ ጻፈ። ማንን ነው የማከብረው? ሰርዝ አልኩት።

ይህን የማስጻፍ ነገር ያመጣችው ሐኪሟ ናት፤ ዶክተር ጫልቱ። «አባቴ፣ ምርመራው እስኪያልቅ የበሉትንና የተሰማዎትን በየጊዜው ያስጽፉ» አለችኝ። የበላሁትን ብቻ ካስጻፍኩ ደብተሩ ባዶውን ይቀራል። ምግብ ከጠላሁ ቆይቻለሁ። ስለዚህ ያሰብኩትንም አስጽፋለሁ።

የያዘኝ ካንሰር ነው። ጉበቴ ላይ ዕጢ አለ። ልጄ ዛኪር ቃሉ ጆሮውን የሚያቃጥለው ይመስል «ያ ነገር» ነው የሚለው። ስሙን ስለፈሩት አይሸሽም። በጎልማሳነቴ የወፍ በሽታ ይዞኝ ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ነበር። ዳንኩ ብዬ ረሳሁት፤ እሱ ግን አልረሳኝም።

አሁን ጥያቄው አንድ ነው። ዕጢው ብቻውን ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ ቆርጦ ያወጣዋል። ጉበቴን ሁሉ ተበትኖበት ከሆነ ቢላዋ አያነሳም። አንድ ነው ወይስ ብዙ? መንገላታቱ ሁሉ ይህን ለማወቅ ነው። እኔ አንድ ነው እላለሁ። ሐኪሞቹ እንይ ይላሉ። ይዩ።

ሐምሌ 12

የስኳሩ ምርመራ ውጤት መጣ። ምንም የለም።

ስኳር ላይ የሚያበራ ምልክት አድርገው በደም ሥሬ ሰደውልኝ ነበር። ካንሰር ስኳር ይወዳል፣ ተስገብግቦ ሲበላ ማሽኑ ላይ ያበራል፣ ያኔ የት የት እንደተቀመጠ ይታያል ብለውኝ ነበር። የእኔው አልበላም። በሌላኛው ፎቶ ዕጢው ቁጭ ብሎ ይታያል፤ በዚህኛው ጨለማ ነው።

ሚስቴ ሰዓደት «ዕጢህ እንኳ እንዳንተው ግትር ነው! ያቀረቡለትን አልበላም ይላል» አለች። ሳቅኩ። ስስቅ ጎኔን ወጋኝ፤ አልነገርኳትም። ጥጋቡ፣ ይህን ጻፈው፤ ግን እንዳታነብላት።

ሐምሌ 19

ዛሬ ዶክተር ጫልቱ ወንበሯን አስጠግታ አስረዳችኝ። ወጣት ናት። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፤ ሽማግሌ ሲያቋርጣት አትቆጣም። ብዙ ጊዜ አቋረጥኳት።

«ጋሽ ሀያቱ፣ ካንሰር ሁሉ አንድ ዓይነት አይበላም» አለች። «ስኳር የሚወድ አለ። አንዳንዱ የጉበት ዕጢ ግን ስኳሩን ትቶ ስብ መሥራት ይወዳል። ዕጢው ሲያድግ ሴሎቹ ይባዛሉ፤ የተባዛ ሁሉ አዲስ ግድግዳ ይፈልጋል። ግድግዳው ከስብ ነው የሚሠራው። ስቡ ደግሞ ከትንንሽ ጡብ ይገነባል። ያቺ ትንሽ ጡብ አሴቴት ትባላለች።»

«ምንድን ናት እሷ?»

«አቼቶ ያውቃሉ?»

«ሰላጣ ላይ የሚያፈሱት?»

«እሱ። የአቼቶው ኮምጣጣ ነገር ናት። ስብ እንደ ሰንሰለት ነው፤ ረጅም አለ፣ አጭር አለ። እሷ ከአጭሮቹ መሀል ናት። እርስዎ የሚሸጡት ቅቤ ውስጥም የእሷ እህት አለች። በሳል ቅቤ አፍንጫ የሚመታው በዚያች ነው። ስሟም ከቅቤ የወጣ ነው፤ ቡቲሪክ ይሏታል።»

ዕድሜ ልኬን ያሸተትኩት ነገር ስም እንዳለው አላውቅም ነበር። ቡቲሪክ። ጥጋቡ፣ በትክክል ጻፋት።

እንግዲህ በጡቧ ላይ ምልክት አድርገው ይሰዱልኛል። ዕጢው ለግድግዳው ብሎ ሲያነሳት ያበራል። ችግሩ፣ ምልክቱ ዕድሜ የለውም። ምድር ቤት ባለ ማሽን ይሠራል፤ ሻይ አፍልተህ እስክትጠጣ ድረስ ግማሹ ሞቷል። ስለዚህ እኔ አልጋው ላይ ተጋድሜ እጠብቀዋለሁ እንጂ እሱ እኔን አይጠብቀኝም። ሰው በሩጫ ያመጣዋል አለች። ይህ ነገር ደስ አለኝ። የሚያስሮጥ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው።

«አንድ ነገር አደራ» አለች መጨረሻ ላይ። «ከማታ ጀምሮ ከውኃ በቀር ምንም እንዳይበሉ። ከበሉ አንጀትዎም ጉበትዎም ሥራ ይጀምራል፤ ሁሉም ጡቧን ያነሳል። ቤቱ በሙሉ መብራት ከበራበት ጥግ ያለችውን ሻማ እንዴት ልያት?»

«ልጄ፣ እኔ ረመዳንን ከልጅነቴ ጀምሬ የጾምኩ ሰው ነኝ። ጾም አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

ሳቀች። ጥሩ ሳቅ አላት።

ሐምሌ 24

ዝናብ። በረንዳው ጭቃ ነው። የበላሁት፦ ግማሽ ሙዝ። እሱንም ሰዓደት ቆማ እያየችኝ።

ተሸካሚዎቹ ከኋላዬ «ሽማግሌው ኮቱ ሰፋው» ሲባባሉ ሰማሁ። ዞር ብዬ «ኮቱ ነው የሰፋው፤ ጆሮዬ አልጠበበም» አልኳቸው። ሸክማቸውን አንስተው ሄዱ።

ማታ ኮቱን ለበስኩትና መስታወት ፊት ቆምኩ። ሰፍቷል።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባ። ክርስቲያኑ ቅቤ ትቶ ገበያው በረደ። ጥጋቡም ጾመኛ ነው፤ ሱቄ መጥቶ አፍንጫውን ይይዛል። «ጋሼ፣ ሽታው ራሱ ያስገድፋል» ይለኛል።

ጊዜ ስላለ ሥራዬን ላስጽፍ። እኔ መዛኝ አይደለሁም፤ ቀማሽ ነኝ። ቅቤ ሲመጣ እንጨት ከጀሪካኑ ሆድ ድረስ ሰድጄ አወጣለሁ። እጄ ጀርባ ላይ አሽቼ አሸተዋለሁ። ከዚያ ምላሴ ጫፍ ላይ አድርጌ እተፋለሁ። ሙዝ የተቀላቀለበት፣ የፓልም ዘይት የገባበት፣ ሞራ የቀለጠበት፣ ምላሴ ሁሉንም ያጋልጠዋል። የበረንዳው ሰው «ሀያቱ ቀምሶታል?» ብሎ ይጠይቃል። ቀምሶታል ከተባለ ሌላ ጥያቄ የለም። በረመዳንም እቀምሳለሁ፤ ካልዋጥከው ጾም አያፈርስም ብለው ሸይኹ ፈቅደውልኛል።

ዛኪር «አባ፣ እኔንም አስተምረኝ» ማለት ከጀመረ ዓመታት ሆነው። ምላስህን በርበሬ አቃጥሎታል፣ አይሆንም እለዋለሁ። አሁን ጢሙ ሸብቷል፤ አሁንም አይሆንም እለዋለሁ።

ትናንት ስልክ ላይ ሲያወራ ሰማሁት። «አይ፣ እሱ እስካለ ድረስ ቀማሹ እሱ ነው» ይላል። እስካለ ድረስ። ለማን እንዳለው አልጠየቅኩትም።

ነሐሴ 9

ጾሜ ሄድኩ። ልብስ አስለውጠው አልጋ ላይ አጋደሙኝ። ክንዴ ላይ መርፌ ሰኩ። ጠበቅን። መብራት ሄደ። መጣ። ምድር ቤት ያለው ማሽን ግን መድኃኒቱን አበላሽቶት ነበር።

ዶክተር ጫልቱ ራሷ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ። «ለነሐሴ 14 አድርገነዋል፤ ለእርስዎ ብቻ ነው የሚሠራው» አለች።

ነሐሴ 14! ጾሙ ሊፈታ ሲል! ከተማው ሁሉ ለዶሮው ቅቤ የሚገዛበት፣ ቅቤ የሚያመጣልኝ ካሳ መኪናውን ሞልቶ ከጎጃም የሚገባበት ሰሞን!

«ቅቤው ይቅር አባ» አለ ዛኪር።

«ቅቤው ይቅር የሚል አንደበት ነው ያሳደግኩት?»

ሁለቱንም አደርሳለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሁለቱንም ሳደርስ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ነሐሴ 14፣ ጠዋት

ቶሎ ጻፍ። ሱቅ ነን። ካሳ ገብቷል። ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፍቶለት ነው። መኪናው ጢም ብሏል። ልቀምስ ነው። መኪና የያዘልኝ ዛኪር ይጮኻል። ይጩህ።

ጾሜያለሁ። ከማታ ጀምሬ። ይህን ጻፍ።

ማታ

ሄድኩ። ደረስኩ። አንዷ ነርስ «ወደ አፍዎ የገባ ነገር አለ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

አንድ ልጅ ከምድር ቤት በርሜል የመሰለ የከበደ ዕቃ ታቅፎ ደረጃውን እየዘለለ መጣ። ክንዴ ላይ ለቀቁት። አይቀዘቅዝም፣ አይሞቅም። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ከተቱኝ። አትንቀሳቀስ ተባልኩ፤ አልተንቀሳቀስኩም። ዓይኔን ጨፍኜ በልቤ ቁርአን ቀራሁ። መሀል ላይ ጠፋብኝ። ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ካሳ ያመጣው አንደኛው ጀሪካን፣ ያ ከላይ በኮባ የተሸፈነው፣ እንዲያ ያለ ቅቤ ካየሁ ዘመን የለኝም። ለጋ ነው። ሣሩ ራሱ ይሸታል። ምግብ የጠላ ሰው አፍ ውኃ ሞላ። ምላሴ ላይ ሳደርገው

ይበቃል ጥጋቡ። ደክሞኛል።

ነሐሴ 15

የበላሁት፦ አጥሚት። ትናንት ጠዋት፦ ምንም።

ጥጋቡ «ትናንት ጽፌዋለሁ እኮ ጋሼ» አለኝ። እንደገና ጻፍ አልኩት።

ነሐሴ 19

አንድ ነው!

ቀዶ ሐኪሙ ነው የነገረን። ዕጢው አብርቷል። ስኳሩን የናቀው አቼቶውን በላ። ሌላ ጎልቶ የሚታይ ነገር የለም። ጳጉሜን 3 ቆርጠን እናወጣዋለን አለ። ዛኪር እዚያው ኮሪደሩ ላይ አቅፎ አነሳኝ። «አውርደኝ አንተ! ሰው ያያል!» አልኩት። አላወረደኝም። ከበደኝም አላለም።

ዶክተር ጫልቱ ግን ፊቷ አልፈታም። «ጋሽ ሀያቱ፣ ምስሉ ላይ ጉበትዎ ጭጋግ ለብሷል። ከጠበቅኩት በላይ ሁሉም ነገር አብርቷል። ትልቁ ግን ጎልቶ ይታያል፤ እሱ አያጠራጥርም» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያን ዕለት ምንም አልበሉም አይደል?» አለችኝ።

«ስንት ጊዜ ልንገርሽ?» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ ሰዎች ዞሩ።

ቤት ስንገባ ሰዓደት እልል አለች። ጎረቤት መጣ። አልሐምዱሊላህ ያላለ የለም። እኔም አልኩ።

ነሐሴ 21

በረንዳው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል። እጄን እየጨበጡ። ልክ እንደ ሙሽራ።

የበላሁት፦ ትንሽ። እንቅልፍ፦ የለም። ለምን እንደሆነ እንጃ። አንድ ነው ተብሏል። አንድ ነው።

ነሐሴ 23

ዛሬ ካሳ ተጨማሪ ቅቤ ይዞ መጣ። ብዙ ነው። እንጨቴን በሁለት እጄ አነሳሁት፤ አየብኝ።

«ጋሽ ሀያቱ፣ በሞቴ ይቀመጡ። ደክሞዎታል። የላይ የላዩን ብቻ ይዩት። እኔን አያምኑኝም እንዴ?»

«አንተን አምንሃለሁ። ጀሪካኑን ግን አላምነውም።»

«ኧረ ግዴለም! ሀያቱ ቀምሶታል ካልን ማን ይጠይቃል?»

ደሜ ፈላ። «ስማ ካሳ፣ ላዩን አይቶ ታችኛው ደህና ነው የሚል ቀማሽ ሌባ ነው! ከሌባም ይብሳል፤ ሌባ ሲሰርቅ ቢያንስ ያውቀዋል!» ብዬ ጮኽኩበት። ሰው ተሰበሰበ። ካሳ «እሺ ጋሼ፣ እሺ፣ ይቅመሱት» እያለ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ቆሜ ቀረሁ። የተናገርኩት አፌ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሰው ለካሳ የተናገርኩት መስሎታል።

ጥጋቡ፣ በሩን ዝጋው። ጻፍ።

ነሐሴ 14 ጠዋት በልቻለሁ። ያን ቅቤ ምላሴ ላይ ሳደርገው መትፋት አቃተኝ። ዋጥኩት። ሲወርድ ሆዴ ከሞት የተነሳ መሰለኝ። የዛኪር ቁርስ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ቆጮ። ቆርሼ ቅቤው ውስጥ አጠቀስኩ። ሁለተኛም ቆረስኩ። ከጆንያዎቹ ጀርባ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እየቆረስኩ ጨረስኩት። ከመቼ ጀምሮ ነው አፌ ምግብ ያልተቀበለው? ጣፈጠኝ። ጣፈጠኝ እኮ ጥጋቡ! ለአንድ አፍታ በሽተኛ አልነበርኩም። ከዚያ አፌን ጠርጌ መኪና ውስጥ ገባሁና ጾሜያለሁ አልኩ።

ጭጋጉ ያ ነው። ቤቱን በሙሉ መብራት ያበራሁበት እኔ ነኝ። አንድ ነው ያሉት ሌላውን ስላላዩት እንጂ ስለሌለ አይደለም።

ጥጋቡ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ይተዉት። ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ቢነግሯቸው ቀጠሮው ይሰረዛል። ብዙ ነው ካሉ ደግሞ ጭራሽ አይቆርጡም። አንድ ነው በተባለበት ይለፍልዎ።» እስክሪብቶውን መልሶ አነሳና «ልሰርዘው?» አለኝ።

«ብትሰርዘው እጅህን እሰብረዋለሁ።»

ነሐሴ 26

ብቻዬን ሄድኩ። ለዛኪር መስጊድ ነኝ አልኩት።

ዶክተር ጫልቱ ሰምታኝ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ምን ያህል ነው የበሉት?» አለች። «የዛኪርን ቁርስ» አልኳት። «እና ቅቤ?» «እና ቅቤ።»

«ለምን ዋሹኝ አባቴ?»

እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ስልክ አንስታ ቀዶ ሐኪሙን አናገረችው። የጳጉሜን 3 ቀጠሮ ተሰረዘ። ሲሰረዝ እዚያው ተቀምጬ ሰማሁ። «መድኃኒቱን ለጳጉሜን 2 እንዲሠሩልኝ እለምናቸዋለሁ» አለችኝ። «ግን ዕጢው ሁለት ሆኖ ቢገኝስ? ሦስትስ ቢሆን?»

«ሻማዋን ፈልጊልኝ» አልኳት። «ካለች ትታይ።»

ነሐሴ 27

ቤት ውስጥ ጦርነት ነበር።

ዛኪር እንዲህ ጮኾብኝ አያውቅም። «አንድ ነው ብለውን ነበር! ቀን ተቆርጦልን ነበር! ዝም ብትል ምን ነበረበት? አሁን ብዙ ነው ካሉህስ?»

«ብዙ ከሆነ ያኔም ብዙ ነበር» አልኩት።

«ያኔ አላወቅንም ነበር!»

«አንተ አላወቅክም።»

ወጣ። በሩን ወረወረው። ሰዓደት ግን ጥግ ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየችና «ቆጮውን በላህ?» አለችኝ።

«በላሁ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«እኔ ክረምቱን ሙሉ በጭልፋ እየለመንኩህ አፍህን ዘግተህብኝ፣ ከካሳ ቅቤ ጋር ሙሉ ቆጮ በላህ?» ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ዕቃ ሲጋጭ ሰማሁ። ያለቀሰችም መሰለኝ፤ ያጠበችም መሰለኝ። አልገባሁም።

ጳጉሜን 1

ነገ ምርመራው ነው። ነገ የአዲስ ዓመት ቅቤ ይገባል። እንደ ጾም ፍቺው ዓይነት፣ ከዚያም የባሰ።

ዛኪርን ጠራሁት። ካኮረፈ ጀምሮ የሚያወራኝ ስለ ሚዛን ብቻ ነው።

«ነገ አንተ ቅመስ» አልኩት።

ሚዛኑን መጥረጉን ቀጠለ። ያልሰማ መሰለኝና ደገምኩለት። «እኔ?» አለ። «አዎ አንተ። ሌላ ማን አለኝ?» እንጨቱን ሰጠሁት። እጀታው በእኔ እጅ ልክ ተፍቆ አልቋል። እንዴት እንደሚያዝ ላሳየው ስል አያያዙን ያውቀዋል። ለካ ሲያየኝ ኖሯል።

ጳጉሜን 2

ሱብሒ ሰግጄ በቀጥታ ሐኪም ቤት። በበረንዳው በኩል አላለፍኩም፤ ዙሪያውን ሄድኩ። ሽታውን ፈራሁት። ጻፈው፤ ፈራሁት።

ነርሷ ሳትጠይቀኝ «ምንም አልበላሁም» አልኳት። «እሺ አባባ» አለች። «ወላሂ» አልኳት። «እሺ አባባ፣ አምናለሁ።»

ልጁ በሩጫ መጣ። ለቀቁት። ተኛሁ። ቁርአኑ አልጠፋብኝም።

ስመለስ ዛኪር አንድ የካሳን ጀሪካን መልሶ ካሳ ተቆጥቶ አገኘሁ። «ልጅዎ ሰደበኝ! ሙዝ አለበት አለኝ! እኔ ከገበሬው እንዳመጣሁት ነው!» ይላል። ሐኪም ቤቱ ብላ ስላለኝ ቀመስኩት። ሙዝ አለበት፤ በጣም ጥቂት፣ ከታች። ዛኪር እንዴት አወቀው? ዕድል ነው። በዕድል ነው ያወቀው።

ጳጉሜን 5

ሁለት ናቸው።

ዶክተር ጫልቱ ምስሉን አዙራ አሳየችኝ። ጉበቴ በዚህኛው ጨለማ ነው፤ ጭጋግ የለም። በጨለማው ውስጥ ትልቁ ያበራል። ከእሱ ራቅ ብላ አንዲት ትንሽ አለች፤ የጤፍ ፍሬ ታክላለች። ባትነግረኝ ቆሻሻ ናት ብዬ አልፋት ነበር።

«በፊተኛው ምስል እዚህ ጋ ጭጋግ ብቻ ነበር» አለች። «ትልቁን ቆርጠን እንኳን ደስ ያለዎ ብለን እንልክዎት ነበር። ይቺ እዚያው ትቀር ነበር።»

ዛኪር ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። እኔ ምስሉን አየሁት። ረጅም ጊዜ አየሁት። ይቺ ትንሽ ነገር ከእኔ ጋር ስትበላ ኖራለች። ባልናገር ኖሮ አሁንም ትበላ ነበር።

መስከረም 3

ቀዶ ሐኪሙ ሁለት መንገድ አለ አለን። ትልቁን ብቻ ማውጣት ቀላል ነው። ትንሿን በመድኃኒት እንሞክራታለን፤ ትጠፋ እንደሆነ ግን ዋስትና የለኝም አለ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ማውጣት ይቻላል፤ ትንሿ ግን ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ነው የተቀመጠችው። ጉበቴ ብዙ ይቆረጣል። ሽማግሌ ነዎት አለኝ፤ የማላውቀው መስሎት።

ዛኪር ትልቁን ብቻ ይላል። ሰዓደት ዱዓ ላይ ናት። ዶክተር ጫልቱን ጠየቅኳት፤ «እኔ የማሳይዎት ያለውን ነው፤ ምርጫው የእርስዎ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ትናንት ማታ ሰዓደትን መብራቱን አታጥፊ አልኳት። ለምን አለችኝ። ጥጋቡ ሊጽፍልኝ ነው አልኳት። ጥጋቡ ከሄደ ቆይቶ ነበር። አላጠፋችውም።

መስከረም 10

የዛሬው የዛኪር እጅ ጽሑፍ ነው። ጥጋቡን የሐኪም ቤቱ ጥበቃ አላስገባም ብሎታል። በር ላይ ቆሞ ማመልከቻ ልጻፍ እያለ ሲጨቃጨቅ ሰምተናል።

ሊወስዱኝ ነው። ልብሴን ለውጬ አልጋው ላይ ነኝ። ቀዶ ሐኪሙ አሁን መጥቶ ለመጨረሻ ጊዜ ጠየቀኝ። «ጋሽ ሀያቱ፣ አሁንም መለወጥ ይችላሉ። ትልቁን ብቻ ካልን ቶሎ ይነሳሉ። ሁለቱን ካልን ረጅም ነው፤ ላይነሱም ይችላሉ። ልጅዎ ትልቁ ብቻ ነው የሚለው።»

ዛኪርን አየሁት። ጫማውን ያያል።

«ልጄ የሚለው ስለሚወደኝ ነው» አልኩት። «እኔ ግን ትንሿን አይቻታለሁ ዶክተር። ያየኋትን የለችም ብዬ ቤቴ አልገባም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሁለቱንም።»

ራሱን ነቅንቆ ወጣ። አልጋውን የሚገፉት ሰዎች በሩ ላይ ናቸው። ዛኪር መጻፉን አቁሟል። ጻፍ ልጄ። ፊደሉ ቢጣመም እኔ አላውቅብህም፤ ያልተማረ አባት ጥቅሙ ይሄ ነው። ጻፍ። ሁለቱንም ብያለሁ።